በሁለት ሽቦ የሚመራ አውሮፕላን

በሽቦ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን በበረራ ላይ ሳለ ከአብራሪው እጅ አይለይም። አብራሪው በሜዳ መሐል ቆሞ እጀታ ይጨብጣል። ከእጀታው ላይኛና ታችኛ ጫፍ ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ተነስተው 20 ሜትር ያህል ይዘልቁና በአውሮፕላኑ ግራ ክንፍ ጫፍ በኩል ይገባሉ። ሞተሩ ተነስቶ አውሮፕላኑ ሲለቀቅ በአብራሪው ዙሪያ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዞራል፤ አብራሪውም ዓይኑን ሳይነቅል አብሮት ይዞራል። አውሮፕላኑ ከሽቦው ርዝመት አልፎ መሄድ አይችልም። በዚያ ወሰን ውስጥ ግን ይወጣል፣ ይወርዳል፣ በጀርባው ተገልብጦ ይበራል፣ በአብራሪው አናት ላይ ያልፋል። ራዲዮ የለውም። እጅ ያዘዘው በቅጽበት ጭራው ላይ ይደርሳል፤ አየሩ ጭራውን ሲገፋው ደግሞ ግፊቱ በሽቦው ተመልሶ መዳፍ ላይ ይሰማል። ይህን በረራ ከሌላው ሞዴል በረራ ሁሉ የሚለየው፣ ሰዎችንም ዕድሜ ልክ አስሮ የሚይዘው፣ ይኸው በእጅ የሚሰማ ጉልበት ነው።

አብዛኞቹ ሞዴሎች የሚሠሩት ከኪት ነው። ኪት ማለት ንድፉ፣ በልክ የተቆረጠው እንጨትና ትናንሾቹ የብረት ዕቃዎች በአንድ ካርቶን ተሰናድተው የሚሸጡበት ጥቅል ነው። ሞተሩ፣ ፕሮፔለሩ፣ ሽቦውና እጀታው ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ይገዛሉ። ዝግጁ ሆኖ የሚሸጥ አውሮፕላን አለ፤ ነገር ግን ሙያው ያለው በመሥራቱ ላይ ነው። ሲወድቅ መጠገን የሚችለውም የሠራው ሰው ነው።

አሠራሩ በስፋት የታወቀው በአሜሪካ ነው። በኦሬጎን ግዛት የፖርትላንድ ከተማ ሰው የነበረው ጂም ዎከር በ1940 እ.ኤ.አ. «ፋየርቦል» የተባለውን ሞዴል ለገበያ አቀረበ፤ ዘዴውንም «ዩ-ኮንትሮል» ብሎ ሰይሞ በ1942 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘበት። በቴክሳስ ደግሞ ቪክተር ስታንዘል በዚያው ዘመን «ታይገር ሻርክ» የተባለ፣ በተለየ የሽቦ አሠራር የሚመራ ኪት ይሸጥ ነበር። ዎከር ቆየት ብሎ የታወቀውን ሞተር ሠሪ ሊሮይ ኮክስን መብቴን ነካህ ብሎ ከሰሰው። በክርክሩ ግን ኦባ ሴንት ክሌር የተባለ ሌላ የኦሬጎን ሰው ከዎከር ቀድሞ በሽቦ የሚመራ አውሮፕላን ሠርቶ ማብረሩ ተረጋገጠና መብቱ በ1950ዎቹ ተሻረ። ዛሬ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊሠራው ይችላል።

ከፍ ያለው ለውጥ የመጣው ከሞተሩ በኩል ነው። ቀደም ያሉት ትናንሽ ሞተሮች በእሳት ብልጭታ ስለሚሠሩ ባትሪና የሽቦ ጥቅልል ተሸክመው ነበር የሚበሩት። በ1947 እ.ኤ.አ. ሬይ አርደን ግለት ካንዴላ የሚባለውን ገበያ ላይ አዋለ። ይህ ካንዴላ ለማስነሻ ብቻ በኤሌክትሪክ ይግላል፤ ከዚያ በኋላ የቃጠሎው ሙቀትና ካንዴላው ነዳጅ ከሆነው ሜታኖል ጋር የሚያደርገው ኬሚካላዊ መስተጋብር ግሎ እንዲቆይ ያደርጉታል። ባትሪውና ጥቅልሉ መሬት ቀሩ፣ አውሮፕላኑም ቀለለ። ይህን ቅለት ወደ ጥበብ ከለወጡት ሰዎች አንዱ ጆርጅ አልድሪች ነው። «ኖብለር» የተባለው ሞዴሉ ወፍራም ክንፍና ከጭራው ጋር ተያይዞ የሚንቀሳቀስ ፍላፕ፣ ማለትም በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለ ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ነበረው። በ1950ዎቹ ከኪት እየተሠራ በብዙ አገር በረረ፤ ዛሬም እንደገና የሚሠሩት አሉ። ማት ካንያ የነደፈው «ሪንግማስተር» ደግሞ አካሉ ከአንድ ጠፍጣፋ ሳንቃ የተቆረጠ፣ ፍላፕ የሌለው ቀላል ሞዴል በመሆኑ ለብዙ ወጣቶች የመጀመሪያ አውሮፕላናቸው ሆነ። በሶቪየት ኅብረት ነገሩ በሱቅ በኩል አልነበረም የተስፋፋው፤ የወጣቶች ማዕከላት በነበሩት የፓዮነር ቤቶች ሞዴል መሥራት እንደ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ለኢትዮጵያ የሚቀርበው መንገድ ይህ ሁለተኛው ነው፤ አንድ ሞተርና አንድ እጀታ ለአንድ ክበብ ልጆች ሁሉ ይበቃሉ።

የመሪው አሠራር ቀላል ነው። በክንፉ መሐል፣ አካሉ አጠገብ፣ ቤልክራንክ የሚባል በአንድ ብሎን ላይ የሚዞር ትንሽ ሳህን አለ። ሁለቱ ሽቦዎች በግራ ክንፍ ውስጥ አልፈው የቤልክራንኩን ሁለት ጫፎች ይይዛሉ። ከሦስተኛው ጫፍ አንድ መግፊያ ዘንግ ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄድና የጭራውን ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ኤለቬተሩን፣ ይይዛል። አብራሪው እጁን ወደ ላይ ሲያጋድል ላይኛው ሽቦ ይሳባል፣ ታችኛው ይለቃል፣ ቤልክራንኩ ይዞራል፣ ዘንጉ ኤለቬተሩን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ አውሮፕላኑም አፍንጫውን ቀና ያደርጋል። ወደ ታች ሲያጋድል ሁሉም በግልባጩ ይሆናል። ለአክሮባት በተሠሩት ሞዴሎች ላይ ከዚያው ቤልክራንክ የክንፉ ፍላፕ ጭምር ይንቀሳቀሳል፤ ኤለቬተሩ ሲነሳ ፍላፑ ይወርዳል። ፍላፑ ክንፉን ይበልጥ እንዲሸከም ስለሚያደርገው አውሮፕላኑ በጠባብ ቦታ ይታጠፋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሽቦዎቹ ከተወጠሩ ብቻ ነው። ሽቦው ከላላ አብራሪው እጁን ቢያወዛውዝም ወደ አውሮፕላኑ የሚደርስ ነገር የለም። ውጥረቱን የሚፈጥረው የዙረቱ ጉልበት ሲሆን፣ መጠኑን በቀላል ሂሳብ ማወቅ ይቻላል። 1.7 ኪሎ የሚመዝን አውሮፕላን በ20 ሜትር ሽቦ አንዱን ዙር በ5.2 ሰከንድ ቢጨርስ ፍጥነቱ በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ፍጥነት እጅን የሚስበው ኃይል የክብደቱ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 5 ኪሎ ገደማ ይሆናል። አውሮፕላኑ በአብራሪው አናት ላይ ሲያልፍ ግን የመሬት ስበት ወደ አብራሪው ስለሚጎትተው ከሦስቱ እጥፍ አንዱ ይቀነሳል። እዚያ ላይ ፍጥነቱ ከቀነሰ ሽቦው ለመላላት ይቃረባል። ልምድ ያላቸው አብራሪዎች አናት ላይ ሲደርሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሚሉት ለዚህ ነው።

ሠሪዎች ውጥረቱን ለመጠበቅ የአውሮፕላኑን ሚዛን ሆን ብለው ያዛባሉ። የውጭው ክንፍ ሰፋ ያለ ክብ ስለሚዞር ከውስጡ ይልቅ ይፈጥናል፣ ይበልጥም ይሸከማል፤ ስለዚህ የውስጡ ክንፍ በጥቂት ሴንቲሜትር እንዲረዝም ይደረጋል። የሽቦዎቹ ክብደት የውስጡን ክንፍ ወደ ታች ስለሚጎትት በውጭው ክንፍ ጫፍ ላይ ጥቂት እርሳስ ይቀመጣል። ሽቦዎቹ ከክንፉ ጫፍ የሚወጡበት ቀዳዳ ከአውሮፕላኑ የክብደት ማዕከል ትንሽ ወደ ኋላ ይሆናል፤ በዚህም አፍንጫው በመጠኑ ወደ ውጭ ያያል። በብዙ ሞዴሎች የቁም ጭራው ወይም ሞተሩ በጣም በትንሹ ወደ ውጭ ይዞራል። መብዛቱ ግን ጎጂ ነው፤ አፍንጫው ከመጠን በላይ ወደ ውጭ ያየ አውሮፕላን ቅርጹን ሳያሳምር ይንገላታል።

ሥራው የሚጀመረው ከክንፉ ነው። ፍጹም ለጥ ያለ ሰሌዳ ላይ ንድፉ ይዘረጋል፣ ኮላ እንዳይጣበቅበት በቀጭን ፕላስቲክ ይሸፈናል። በላዩ ላይ ወጋግራዎቹ በስፒል ይያዛሉ፤ የክንፉን ቅርጽ የሚሰጡት ጎድኖች አንድ በአንድ በየቦታቸው ይቆማሉ። ሰሌዳው ጠማማ ከሆነ ክንፉ ይጣመማል፣ የተጣመመ ክንፍ ደግሞ አንዱን ጎን እያነሳ ሽቦውን ያላላል። ስለዚህ ይህ ደረጃ በችኮላ የሚታለፍ አይደለም። ቤልክራንኩ የሚገባው ክንፉ ገና ሳይሸፈን ነው። በበረራ ከሁሉ የበለጠ ጉልበት የሚያርፍበት ቦታ እሱ በመሆኑ ከጠንካራ እንጨት ወይም ከኮምፔንሳቶ በተሠራ መቀመጫ ላይ ይታሰራል፤ መቀመጫውም ከወጋግራው ጋር በኢፖክሲ ይያያዛል። አንዴ ከተሸፈነ በኋላ እዚያ ውስጥ ደርሶ መጠገን ክንፉን መቅደድ ይጠይቃል።

ከዚያ አካሉ ይሠራል። ሞተሩን የሚሸከሙት ሁለት ደረቅ እንጨቶች ይገባሉ፣ የነዳጅ ታንኩ በሞተሩ ነዳጅ መሳቢያ ቁመት ልክ ይቀመጣል። ታንኩ ከዚያ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ አውሮፕላኑ ተገልብጦ ሲበር የሞተሩ ድምፅና ጉልበት ይለወጣል። ክንፉና ጭራው በአካሉ ላይ ሲገጠሙ ትይዩ መሆናቸው በዓይንም በመስመሪያም ይረጋገጣል። ማጠፊያዎቹ ያለ ምንም መያዝ መንቀሳቀስ አለባቸው፤ ኤለቬተሩ በራሱ ክብደት ብቻ ወደ ታች መውረድ ካልቻለ አውሮፕላኑ ሊበር አይገባውም።

የኪት እንጨት ባልሳ ነው። ዛፉ በተለይ በኢኳዶር በብዛት ይመረታል። አንድ ሜትር ኩብ ባልሳ በአብዛኛው ከ100 እስከ 200 ኪሎ ይመዝናል፤ እንደ ዋንዛ ያለው ቀለል የሚባል የአገር ውስጥ እንጨት እንኳ ከዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ባልሳ በምላጭ ይቆረጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። እሱ በማይገኝበት ቦታ ከዕቃ ማሸጊያ ፎም በጋለ ሽቦ የተቆረጠ ክንፍ በቀጭን ወረቀት ወይም ጨርቅ ተሸፍኖ በደንብ ይሠራል። ኢትዮጵያ ሁለት የራሷ የቀርከሃ ዝርያዎች አሏት፤ አንዱ የደጋ፣ ሌላው የቆላ ነው። ቀርከሃ ከባልሳ ቢከብድም በቀጭኑ ተሰንጥቆ ለክንፍ ጫፍ፣ ለመግፊያ ዘንግና ለማረፊያ እግር ከባልሳ የተሻለ ይሆናል።

መሸፈኛው በቀደመው ዘመን ስስ ሐር ወይም ረጅም ጭረት ያለው ወረቀት ነበር፤ አሁን በካውያ ሙቀት የሚወጠር ፕላስቲክ በብዛት ገብቷል። በሐረር፣ በግንብ በተከበበው ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው ጠባብ መንገድ የተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች የጨርቅን ድርና ማግ ያውቃሉ፤ ሞዴል በሐር የሚያለብስ ሰውም የሚፈልገው ያንኑ ዕውቀት ነው። ድሩ በክንፉ ርዝመት አቅጣጫ ከዋለ ጨርቁ በጎድኖቹ መሐል እኩል ይወጠራል፤ አግድም ከዋለ ይሰረጉዳል። በላዩ የሚቀባው ቫርኒሽ ጨርቁን እያጠበበ ክንፉን ያጠነክረዋል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል፤ ቀለም ክብደት መሆኑን ይረሳል። ለውበት የተደራረበ ቀለም ሠሪው ከባልሳው ላይ በጥንቃቄ የቀነሰውን ግራም ሁሉ መልሶ ይጭነዋል።

ክብደት ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? አውሮፕላኑ ወደ ላይ የቆመ ክብ ሲሠራ ክንፉ ከአውሮፕላኑ ክብደት ብዙ እጥፍ ስለሚሸከም ነው። በውድድር ደንብ ክቡ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ጀምሮ ሽቦው 45 ዲግሪ እስኪያዘነብል ይደርሳል። በ20 ሜትር ሽቦ ይህ ግማሽ ስፋቱ 7 ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ፍጥነት ይህን ክብ የሚሠራ 1.7 ኪሎ አውሮፕላን ክንፉ ከክብደቱ ስምንት እጥፍ በላይ፣ ማለትም 14 ኪሎ ያህል ይሸከማል። አራት ማዕዘን ሲሠራ ማዕዘኖቹ ላይ ያለው ሸክም ከዚህም ይልቃል። የተጨመረ እያንዳንዱ ግራም በስምንት ተባዝቶ ክንፉ ላይ ይጫናል።

ይህ ሂሳብ በሐረር ይጠነክራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአየር ሙቀቱ 22 ዲግሪ በሆነበት ቀን እዚያ ያለው አየር፣ 15 ዲግሪ ሙቀት ካለው የባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲነጻጸር በ22 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ የሚሸከመው በአየር ነውና፣ በባሕር ዳርቻ 1.7 ኪሎ ሆኖ ያንን ክብ የሚሠራ አውሮፕላን በሐረር በዚያው ክንፍና በዚያው ፍጥነት ያንኑ ክብ እንዲሠራ ወደ 1.3 ኪሎ መውረድ አለበት። ካልቀለለ 13 በመቶ ያህል መፍጠን ይኖርበታል። ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ እጅን የሚስበው ኃይል በ29 በመቶ ያህል ያድጋል፣ አብራሪው የሚያስብበትም ጊዜ ያጥራል። ሦስተኛው መንገድ ክንፉን ማስፋት ነው፤ ለባሕር ዳርቻ የተነደፈ ኪት የገዛ ሰው ግን ያለው ምርጫ በአብዛኛው ማቅለል ነው።

በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬዳዋ በዚህ ረገድ የምትሻል ይመስላል። ነገር ግን ሙቀት ራሱ አየርን ያሳሳል፤ በ30 ዲግሪ ቀን የድሬዳዋ አየር ከባሕር ዳርቻው በ18 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። በቁልቁለቱ የተገኘው ጥቅም ከፊሉ በሙቀቱ ይጠፋል። በአዲስ አበባ ከፍታ በ20 ዲግሪ ቀን የመሳሳቱ መጠን 26 በመቶ ይደርሳል። በምሥራቅ ኢትዮጵያም ሆነ በመሐል አገር ማለዳ መብረር ሁለት ጥቅም አለው፤ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ይወፍራል፣ ንፋሱም ገና አልተነሳም።

ሞተሩም የዚሁ ችግር ተካፋይ ነው። የግለት ካንዴላ ሞተር ነዳጁ ሜታኖል፣ ጥቂት ናይትሮሜቴንና ማለስለሻ ዘይት ነው። ማለስለሻው በብዙ ሞተሮች የጉሎ ዘይት ሲሆን፣ ጉሎ በሐረርጌ በየአጥሩና በየመንገዱ ዳር የሚበቅል ተክል ነው። በከፍታ ቦታ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ስለሚያንስ የነዳጁ መርፌ ትንሽ ይዘጋል፤ ይህም ተደርጎ ጉልበቱ ከባሕር ዳርቻው ያንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም። በሊቲየም ባትሪ የሚሠራው ይህ ሞተር ዛሬ በአክሮባት በረራ ትልቅ ቦታ ይዟል፤ ፍጥነት ተቆጣጣሪው በመውጣትም በመውረድም ዙሩን አንድ ዓይነት ያደርገዋል። በሳሳ አየር ፕሮፔለሩ የሚያገኘው ጭነት ስለሚቀንስ ትንሽ የሚሰፋ ወይም ጠምዘዝ ያለ ፕሮፔለር መግጠም ይቻላል። ለሐረር፣ ለአዲስ አበባና ለመሰሎቻቸው ኤሌክትሪኩ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ሜታኖልና ናይትሮሜቴን ከመፈለግም ያድናል።

በኢትዮጵያ ከፍታ ላይ ቀላል አውሮፕላን የመሥራት ሐሳብ የቆየ ነው። በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት የተሠራችው «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ ጣሊያን ተወስዳ ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ በራሱ ጥረት አንብቦ የሠራትን ትንሽ አውሮፕላን በሰንዳፋ ለማስነሳት ሞክሯል፤ አልተነሳችም። ክብደትን፣ የክንፍ ስፋትን፣ የፕሮፔለርን ልክና የክብደት ማዕከልን የሚመለከቱት ጥያቄዎች ሰው በሚይዝ አውሮፕላን ላይ ከባድ ዋጋ ያስከፍላሉ። በሽቦ በሚመራ ሞዴል ላይ እነዚያው ጥያቄዎች በጥቂት ባልሳ ይመለሳሉ። ለአውሮፕላን ምሕንድስና ፍቅር ያደረበት ወጣት ከዚህ የተሻለ መነሻ አያገኝም።

ማብረሪያ ቦታ ለጀጎል ሰው ቀላል ጥያቄ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ የሚከብበው ስፍራ 48 ሄክታር ያህል ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ስፍራ በቤት፣ በመስጊድና በጠባብ መንገድ የተሞላ ነው። ሰፋ ያለው ፈረስ መጋላ እንኳ ሰውና መኪና የሚበዛበት ገበያ ነው። በ20 ሜትር ሽቦ የሚበር አውሮፕላን 40 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይፈልጋል፤ ተመልካች የሚርቅበት ሲታከል 60 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ሠርቶ መጨረስ በጀጎል ቤት ውስጥ ይቻላል፣ ማብረር ግን ከግንቡ ውጭ ነው። መደበኛ የእግር ኳስ ሜዳ 68 ሜትር ወርድ ስላለው ይበቃል፤ በሐረር እንደ ኢማም አህመድ ስታዲየም ያለ ስፍራ በልኩ ይስማማል። ሜዳውን ከሚያስተዳድረው አካል ፈቃድ መጠየቅና ለአካባቢው የፀጥታ አካል ማሳወቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ቦታ ሲመረጥ ከሁሉ በፊት የሚታየው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ሽቦዎቹ ብረት ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ከነኩ አብራሪው ሊሞት ይችላል። በዚህ ላይ ምንም ዓይነት ድርድር የለም፤ ምሰሶ በአቅራቢያው ካለ ሌላ ሜዳ ይፈለጋል። ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ሲታይም በረራው ይቆማል። ከእያንዳንዱ ቀን በረራ በፊት ሽቦዎቹ፣ ማያያዣዎቹና ቤልክራንኩ በመሳብ ይፈተናሉ፤ በዓለም አቀፍ ውድድር የሚጠየቀው የአውሮፕላኑን ክብደት አሥር እጥፍ መቋቋም ነው። እጀታው ከእጅ ቢያመልጥ እንዳይበር በጠንካራ ማሰሪያ ከአንጓ ጋር ይታሰራል። ፕሮፔለሩ ጣት ይቆርጣልና ሞተር የሚያስነሳው ሰው ከኋላው ይቆማል፤ ልጆች ከክቡ ውጭ ይቆያሉ።

ጀማሪን የሚፈትነው ማዞሩ ነው። መድኃኒቱ ዓይንን አውሮፕላኑ ላይ ብቻ ማድረግ ነው፤ ከበስተኋላው የሚሮጠውን ዛፍና ግንብ ያየ ሰው ወዲያው ይዞርበታል። ሁለተኛው ፈተና የእጅ እንቅስቃሴ መብዛቱ ነው። አውሮፕላኑ ትንሽ ሲወርድ ጀማሪ በድንጋጤ እጁን አብዝቶ ያነሳል፣ ሲወጣ ደግሞ አብዝቶ ያወርደዋል፤ አውሮፕላኑ ማዕበል ላይ እንዳለች ጀልባ ይሆናል። አሠልጣኙ ከኋላው ቆሞ እጁን በእጁ ላይ አድርጎ ጥቂት ዙር ቢያበርርለት፣ አንጓውን ሳይሆን ክንዱን በሙሉ በቀስታ ማንሳት ይማራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፍጣፋ አካል ያለው ቀላል ሞዴል፣ አፍንጫው ከበድ ያለ፣ ኤለቬተሩ ብዙ የማይንቀሳቀስ ይመረጣል። ደረጃ በደረጃ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ዙር፣ ከፍ ዝቅ ማለት፣ በአናት ማለፍ፣ አንድ ክብ፣ ከዚያ ተገልብጦ መብረር ነው። ተገልብጦ ሲበር የእጁ ትርጉም ይገለበጣል፤ አውሮፕላኑን ከመሬት ለማራቅ እጅ ወደ ታች ማጋደል አለበት። ብዙ ሞዴል የሚሰበረው እዚህ ቦታ ነው፤ አንዴ እጅ ከለመደው ግን አይረሳም።

ንፋስ ባለበት ቀን ቅርጾቹ ሁሉ የሚሠሩት ንፋሱ ከአብራሪው ወደ አውሮፕላኑ በሚነፍስበት ጎን ነው። ንፋሱ አውሮፕላኑን ወደ ውጭ እየገፋ ሽቦውን ይወጥርለታል። በተቃራኒው ጎን የተሞከረ ክብ ሽቦ አላልቶ አውሮፕላኑን ወደ አብራሪው ያመጣዋል።

በዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ይህ ውድድር ኤፍ 2 ቢ ይባላል፤ የዓለም ሻምፒዮና በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል። የሽቦው ርዝመት ከ15 እስከ 21.5 ሜትር ነው። ለአንድ በረራ የተሰጠው ጊዜ ሰባት ደቂቃ ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ የቅርጾቹ ቅደም ተከተል ሳይዛነፍ ያልቃል። ከመነሳት በኋላ በአናት ላይ በቀጥታ ወጥቶ ተገልብጦ መመለስ፣ ሦስት የውስጥ ክብ፣ ሁለት ዙር የጀርባ በረራ፣ ሦስት የውጭ ክብ ይከተላሉ። ከዚያ አራት ማዕዘኖች፣ ሦስት ማዕዘኖች፣ አግድም ስምንቶች፣ ባለ አራት ማዕዘን ስምንቶች፣ ቀጥ ያሉ ስምንቶች፣ የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ቅርጽ፣ በአናት ላይ የሚሠሩ ስምንቶችና አራት ቅጠል ያለው አበባ የሚመስል ቅርጽ ይመጣሉ። በአብዛኛው አንድ ቅርጽ ከአንድ ጊዜ በላይ በዚያው መንገድ ይደጋገማል፤ ዳኛው የሚፈልገው ሁለተኛው በአንደኛው ላይ ተደርቦ እንዲታይ ነው። ዳኛ ከሁሉ አብልጦ የሚያስተውለው የታችኛውን መስመር ነው። አብዛኞቹ ቅርጾች 1.5 ሜትር ላይ መጨረስ አለባቸው፤ ከዚያ ዝቅ ማለት ከውጭ ሆኖ በግልጽ ይታያል። የሚሰጠው ነጥብ ለቅርጹ አስቸጋሪነት በተመደበ ቁጥር ይባዛል።

የመጨረሻው ነጥብ የሚሰጠው ለማረፍ ነው። ነዳጁ አልቆ ወይም ሰዓት ቆጣሪው ሞተሩን ዘግቶ ፕሮፔለሩ ሲቆም አብራሪው የቀረችውን ፍጥነት እያጠፋ ከ1.5 ሜትር ዙር በቀስታ ይወርዳል፤ ዳኛው ሳይነጥር፣ ሳያጋድል፣ በአንድ ዙር ውስጥ መሬት እንዲነካ ይጠብቃል። የቀለለ አውሮፕላን እዚህም ይጠቅማል፤ ሞተር ከቆመ በኋላ ረዘም ብሎ ስለሚንሳፈፍ አብራሪው የሚያርፍበትን ቦታ ለመምረጥ ጊዜ ይኖረዋል። ረዳቱ አውሮፕላኑን ሲይዝ ሽቦዎቹ ከእጀታው ይፈታሉ፤ የጉሎ ዘይትና አቧራ በጨርቅ ይጠረግላቸዋል፤ እንዳይጠማዘዙም በክብ መጠቅለያ ላይ ይጠቀለላሉ። የተሰበረ ክር የታየበት ሽቦ ይጣላል፤ አይቀጠልም።